ከአልጋ ወደ አልጋ

ሰኞ

የቀየሩላት መርፌም አልያዘላትም። የልጄ የምህረት ትኩሳት እንደነደደ ነው። በቀዶ ጥገና የወለደችበት ቁስል ዛሬም መግል ይዟል። ሕፃኗን እህቴ ወደ ጃጁራ ወስዳ በጡጦ ታሳድጋታለች። «እማ፣ ልጄ ስመለስ ታውቀኛለች?» አለችኝ። ከንፈሯን አረጠብኩላት።

ነርሷ ሲስተር ብርሃኔ «መድኃኒቱን ተላምዶታል» አለችኝ። የልጄን ሰውነት ያለች መስሎኝ ከመድኃኒቱ ትንሽ ቢያርፍስ ብዬ ጠየቅኋት። «ማዘር፣ የተላመደው ባክቴሪያው ነው እንጂ እሷ አይደለችም።» ከቁስሉ ናሙና ወስደዋል። የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው እስኪታወቅ መጠበቅ ነው።

ማክሰኞ

ስኳር ገዛሁ። ባለሱቁ የጠቀለለልኝ ከመማሪያ መጽሐፍ በተቀደደ ወረቀት ነው። ትምህርት ካቋረጥኩ ወዲህ መጽሐፌ ይኸው ነው፤ መጠቅለያ ሳላነብ አልጥልም። የዛሬው እንግሊዝኛ ሆነብኝ። ሥዕሉን ግን አየሁ፦ ሁለት ባቄላ የሚመስሉ ነገሮች በቀጭን ክር ተያይዘው፣ ትንሽ ቀለበት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ።

ለሲስተር አሳየኋትና አስረዳችኝ። ባቄላዎቹ ባክቴሪያ ናቸው። ቀለበቱ ፕላዝሚድ ይባላል፤ መድኃኒት የመቋቋም ችሎታ ተጽፎበታል። ባክቴሪያ ለልጁ ብቻ አያወርስም፤ አጠገቡ ላለው፣ ለባዕድ ዘርም ቢሆን ይሰጣል። ቅጂውን ስለሚሰጥ የራሱ አይጎድልበትም። መድኃኒት ሲመጣ ቀለበቱ ያልደረሳቸው ያልቃሉ፣ የደረሳቸው ይራባሉ።

አዲስ ቆጮ ስንቀብር ከጎረቤት የቦካውን ቆንጥረን እንደምንጨምረው መሰለኝ። የእኛ ግን ለመልካም ነው።

በአጠገባችን አልጋ የተኛችው የአንጋጫዋ አየለች ክንዷ ተቃጥሎ ነው የመጣችው። የእሷ ባክቴሪያ ሁሉንም መድኃኒት ማለት ይቻላል አሸንፏል፤ ራሷ ነግራኛለች። ያ ቀለበት ወደ ምህረት ቁስል ቢሻገርስ? በሰው እጅ ሊመጣ ይችላል አለች ሲስተር። የክፍሉ ቧንቧ ደግሞ ደርቋል። ለእጅ መታጠቢያ ውሃ በጄሪካን ቀድቼ አመጣሁ።

ረቡዕ

ከቤተ ክርስቲያናችን ጠያቂዎች መጡ፤ ሽማግሌው ጋሽ ሎምበሶና ሦስት እናቶች። ከአየለች ጀመሩ። በተጠቀለለው ክንዷ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩ። ቀጥሎ ምህረት ናት።

እኔ በሰው ፊት የማልናገር ሰው ነኝ። አትንኳት ብል ጸሎቱን የናቅሁ ይመስላል። አየለችም ትሰማኛለች።

ማስታጠቢያውን፣ ጆጉንና ሳሙናውን አንሥቼ ለእንግዳ እንደሚደረገው ፊታቸው ቆምኩ። ጋሽ ሎምበሶ «ምሳ አለ እንዴ?» አሉ። እናቶቹ ሳቁ።

«ምሳስ የለም። ልጄን ከመንካታችሁ በፊት ታጠቡልኝ።»

እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አንድ በአንድ አስታጠብኳቸው።

«ተጸየፍሽኝ አይደል?» አለች አየለች። «አንቺን አይደለም» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሐሙስ

ውጤቱ አልመጣም። ምህረት ትቃዣለች፤ በሀዲይኛ የልጅነት ጓደኞቿን ትጠራለች። የሕፃኗን ስም ግን አልጠራችም። እግዚአብሔር ሆይ፣ ምን ብዬ ልለምንህ? ጸሎቴ ሁሉ አለቀ።

እጄን ታጥቤ ለአየለች የሚጠጣ ውሃ ሰጠኋት። አልተቀበለችኝም።

ዓርብ

ውጤቱ መጣ። ከተሞከሩት መድኃኒቶች ብዙዎቹ አይነኩትም። አንዱ ግን ይገድለዋል። የአየለች ቀለበት አልደረሰውም ማለት ነው? ብዬ ሲስተርን ጠየቅኋት። «እስከ አሁን አልደረሰውም» አለች። መድኃኒቱን ወዲያው ጀመሩላት።

ወደ ማታ ግንባሯን ዳሰስኩት። የቀዘቀዘ መሰለኝ፤ ወይ እጄ ነው የቀዘቀዘው።

አየለች ቀና ብላ ተቀመጠች። ስትታዘበኝ ቆይታ ደህናውን እጇን ዘረጋች። «በይ አስታጥቢኝ» አለች።

አስታጠብኳት። ተነሥታ መጥታ እጇን በምህረት ራስ ላይ ጫነች፣ በከምባትኛም ጸለየች። ቋንቋውን አልሰማም። የልጄን ስም ስትጠራ ብቻ ለየሁና አሜን አልኩ።