«በርበሬው ነው» ያልኩሽ ሳል

ውድ ናዲያ፣

እናትሽ ተሻላቸው? ትንሿ ልጅሽ ሙንተሃስ እንዴት ናት? ስለ ሙንተሃ የምጠይቅሽ ለሰላምታ ወግ ብዬ አይደለም። ወደ ሀላባ ከሄድሽ ጀምሮ ስልክሽ አይሠራም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ከእናንተ አገር በርበሬ ለሚያመጣልን ሾፌር፣ ለበረከት ሰጥቼዋለሁ። የእናትሽን ቤት ያውቀዋል። እባክሽ ተናደሽ መሀል ላይ እንዳትተዪው፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ያ ሳሌ የበርበሬ አልነበረም። የሳንባ ነቀርሳ ነው።

ወፍጮ ቤት ስለምሠራ ማንም አልጠረጠረም። እኛ ወፍጮ ቤት ገብቶ ሳያስል የሚወጣ ማን አለ? አንቺ ሥራውን እንድተወው ትለምኚኝ ነበር፤ እኔ «በርበሬው ነው፣ ይለቀኛል» እልሽ ነበር። መጀመሪያ እውነት መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ወፍጮው ተዘግቶ በሚውልበት እሑድም አለቀቀኝም። ቀሚሴ ሰፋኝ፤ ስተኛ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ጸሎት ቤት ቆሜ «ጌታ ሆይ፣ በርበሬ አድርገው» ብዬ ጸልያለሁ። አንድ ቀን መሀረቤ ላይ ደም አይተሽ ስትጠይቂኝ ድዴ ነው አልኩሽ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩባያዬን ለየሁ። «ምነው ተጸየፍሽን?» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ናዲያ፣ ኩባያ የለየሁት ስለፈራሁ ነው፤ የፈራሁትም ስለጠረጠርኩ ነው። እንዲያም ሆኖ አንቺ ፒያሳ ልብስ ልትሸጪ ስትወጪ፣ እኔ ሥራ በሌለኝ ቀን፣ ሙንተሃን ደረቴ ላይ አስተኝቼ፣ እንዳይበርዳት መስኮቱን ዘግቼ እውል ነበር።

ለምን አልተመረመርሽም ትዪኝ ይሆናል። አከራያችን ጋሽ ጌታቸው ቢሰሙ ያስወጡናል ብዬ ፈራሁ። አንቺም ልጅሽን ይዘሽ ትለዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ከሁሉም በላይ የበሽታውን ስም መስማት ፈራሁ።

በሄድሽ በሦስተኛው ሳምንት ወፍጮው አጠገብ ወደቅሁ። አሠሪዬ በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሰችኝ። አክታዬን መረመሩት፤ ራጅም አነሱኝ። ውጤቱን የነገረችኝ ሲስተር ዮዲት የምትባል ነርስ ናት። የበርበሬ ብናኝ ጉሮሮ ያስቆጣል እንጂ ይህን በሽታ አያመጣም አለችኝ፤ በሽታውን የሚያመጣው ታማሚ ሲያስል አየር ላይ የሚቀረው ተህዋስ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ኩባያ መለየት አይበቃም ወይ አልኳት።

«ኩባያው አይደለም፤ አየሩ ነው» አለችኝ።

ቀጥላ አብሮኝ የሚኖር ሰው፣ በተለይ ትንሽ ልጅ እንዳለ ጠየቀችኝ።

«ብቻዬን ነኝ» አልኳት።

ዘጠኝ ቀን በየጠዋቱ ጤና ጣቢያ እየሄድኩ፣ ፊቷ ቆሜ መድኃኒቱን ከዚያ ውሸት ጋር ዋጥኩት። በአሥረኛው ቀን አንዲት እናት የሙንተሃን እኩያ ታቅፋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። ልጅቷ አንገቷን ማቅናት አቅቷታል፤ መርፌ ሲወጓት እንኳ አላለቀሰችም። ወደ ሆስፒታል ላኳቸው። ምን ሆና ነው ብዬ ሲስተር ዮዲትን ጠየቅኋት። ስለ ሌላ ሰው በሽታ መናገር እንደማትችል ገልጻልኝ፣ ነቀርሳ በትንንሽ ልጆች ላይ ሳንባ ላይ ብቻ ላይቀር፣ ወደ አንጎልም ሊወጣ እንደሚችል ነገረችኝ። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አልተቆጣችኝም። ወረቀት አውጥታ የልጅሽን ስም ጻፈች።

«ለማልቀስ ጊዜ ይኖርሻል፤ አሁን ልጅቷን ፈልጊልኝ» አለችኝ።

እንደነገረችኝ ለጋሽ ጌታቸውም ተናገርኩ። ወንበራቸውን ከእኔ አራቁ። በማግሥቱ ግን ከባለቤታቸው ጋር ሄደው ተመረመሩ። እስካሁን ውጪልኝ አላሉኝም።

ናዲያ፣ ሙንተሃ በሄዳችሁበት ቀን ታስል ነበር። ጉንፋን ነው ብለሽ በሻርፕሽ ጠቀለልሻት። ሚኒባሱ መናኸሪያውን ለቆ እስኪወጣ እያየኋችሁ፣ አንዲት ቃል አልወጣኝም። ከዚያ ወዲህ የልጅ ሳል በሰማሁ ቁጥር እሷ መስላኝ ዞሬ አያለሁ።

የሲስተር ዮዲትን ወረቀት ከደብዳቤው ጋር አድርጌዋለሁ። ውሎ አድሮ አትበዪ፤ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጃት። አንቺም ተመርመሪ፤ እናትሽም ይመርመሩ። ካልያዛት መከላከያ መድኃኒት ይሰጧታል። ከያዛትም የሚድን በሽታ ነው፤ እንዳይዘገይ ብቻ።

ይቅር በዪኝ ለማለት ገና አፍ የለኝም። በረከት ሐሙስ ይመለሳል፤ ከመኪናው እስኪወርድ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። የምትልኪልኝ መልስ ስድብ ብቻ ቢሆን እንኳ እቀበለዋለሁ፤ መሀሉ ላይ ግን «ተመርምራለች» የሚል አንድ ቃል ይኑርበት።

የዋሸሁሽ፣
ወንጌላዊት
ሀዋሳ