አሥራ ዘጠኝ ፊርማ

ሰኞ
አሥራ ዘጠኝ! በአንድ ከሰዓት! ከመናኸሪያ እስከ ቤቴ ያገኘሁትን ወላጅ ሁሉ አስፈረምኩ። ማመልከቻውንም በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት፤ ደግሞ አሳምሬ። ነገሩ የልጄ የሳሮን የባዮሎጂ ደብተር ነው። አሥረኛ ክፍል ደርሳ፣ በሁለት ወር የተጻፈው አራት ገጽ! መምህር ታሪኩ ኖት መስጠት ትቷል። «ኖቱንማ ስልካችሁ ላይ ያለው ኤአይ ያዘጋጅላችኋል» አላቸው አሉ። ታዲያ እሱ ምን ሊሠራ ነው ክፍል የሚገባው? ዓርብ የወላጆች ስብሰባ አለ። ይቀየርልን እንላለን።

ማክሰኞ
ወረቀቱን ለርዕሰ መምህሩ ልሰጥ ብሄድ የሉም። በሩ ላይ ማን ቢያጋጥመኝ ጥሩ ነው? ራሱ ታሪኩ! ወሬው ቀድሞኛል። እጄ ላይ ያለውን ወረቀት እያየ፣ «የሳሮን እናት፣ ከማስገባትዎ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ገብተው ይዩኝ» አለኝ። በትሕትና። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ
ገባሁ። የኋላ ዴስክ ላይ፣ ጉልበቴ ተጣጥፎ። ታሪኩ፣ ኤአይ ስለ ወባ የጻፈውን አንድ ገጽ አባዝቶ አደላቸውና «እዚህ ውስጥ ስሕተት አለ፤ ፈልጉ» አላቸው። መጽሐፍ ማገላበጥ፣ መጨቃጨቅ፣ ጫጫታ! እሱ መልሱን አይናገርም፤ «እንዴት አወቅሽ? እንዴት አወቅህ?» ብቻ። ቤት ውስጥ አንድ ቃል የማይወጣት ሳሮን ብድግ አለች። ወባ የምታስተላልፈው ሴቷ ትንኝ ብቻ ናት፣ ደሙን የምትፈልገው ለእንቁላሏ ነው፣ ወንዱም ያስተላልፋል የተባለው ውሸት ነው አለች። አንዱ ልጅ «ኤአይ ካንቺ ያንሳል?» ቢላት፣ «እሱ ወባ ታሞ ያውቃል?» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ እንባዬ እስኪመጣ። ወዲያው ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ወረቀት ትዝ አለኝ።

ሐሙስ
ሱቄን ዘግቼ ፊርማ ላሰርዝ ዞርኩ። ማስፈረሙ እንዴት ቀሎኝ ነበር! የሳሮን የክፍል ጓደኛ የሰሚራ አባት ከጨርቅ ሱቁ ሳይነሳ፣ «ሰኞ ፈርም፣ ሐሙስ ሰርዝ፤ እሑድ ደግሞ ምን ልትዪኝ ነው?» አለኝ። ሳቅኩ፤ እሱ ግን አልሳቀም። «ስልክ የሌለው ልጅስ ኖቱን ከየት ያምጣ? ፈተናው ይጠብቀዋል?» ወረቀቱን አጣጥፌ ወደ ቀጣዩ ፈራሚ ሄድኩ። የሰረዙልኝ ስድስት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ እንዳልነዘንዛቸው ብለው ነው።

ዓርብ
ወረቀቱን ልቀደው አስቤ ነበር። ግን የአሥራ ሦስት ሰው ቃል አለበት፤ አስገባሁት። ከዚያ ተነስቼ ረቡዕ ያየሁትን ተናገርኩ፣ «ይበቃል» እስኪሉኝ። የሰሚራ አባትም የራሱን ደገመ። ታሪኩም፣ «ስልክ የሌላቸውን አላሰብኩም፤ ጥፋቴ ነው» አለ። በየምዕራፉ አጭር ኖት ሰሌዳ ላይ እንዲጽፍ፣ እስከ ወሰነ ትምህርቱ መጨረሻም እንዲቆይ ተባለ። ከዚያ በኋላ እንጃ።

ለሳሮን፣ ከሌላ ሰው ከምትሰማ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። «ደብተሬን ከምታገላብጪ እኔን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?» አለችኝና ክፍሏ ገባች።

ነገ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት፣ የተማርሽውን አስረጂኝ እላታለሁ። እሺ ካለችኝ።