ጋሽ ምላጭና ሳይላጯት የቀረችው ዘለላ ፀጉር

አባታችን ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለች ባለ አንድ ክፍል ቤት በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ፀጉር አስተካካይ አጎታቸው ዘንድ ገብተው ሙያ ቀሰሙ። አጎታቸው በሰው ፊት ላይ ምላጭ እንዲያሳርፉ ከመፍቀዳቸው በፊት ሳሙና የተቀባ ፊኛ ያስላጯቸው ነበር። አባታችን ሠላሳ አንድ ፊኛ አፈንድተው በሠላሳ ሁለተኛው ተመረቁ። ይህን ታሪክ እኛ ልጆቻቸው ሀሁ ሳንቆጥር ነው የምናውቀው።

በ1960 ዓ.ም. ከትልቁ ሆስፒታል ፊት ለፊት የራሳቸውን ፀጉር ቤት ከፈቱ፤ ሁለት ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ሁልጊዜ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ። ሰፈሩ «ጋሽ ምላጭ» አላቸው። ላጭተው ሲጨርሱ ቆዳው ላይ ደረቅ ጥጥ ያሳልፋሉ፤ የጥጡ አንዲት ክር እንኳ ከተያዘች እንደገና ሳሙና ይመታሉ። ደንበኛ ቸኮልኩ ቢል አይሰሙም። አንዱ «ከራስ በላይ ነፋስ» ብሎ ሲተርት፣ «ከራስ በላይስ እኔ ነኝ» ይሉት ነበር።

በ1963 ዓ.ም. የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ የነበሩትን እናታችንን አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። የእናታችን ፀጉር ወገባቸው ይደርስ ነበር። እሑድ እሑድ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጠው የሚያበጥሩላቸው አባታችን ነበሩ፤ መቀስ ግን አስነክተውት አያውቁም። ያ የእሑድ ጠዋት ብርሃን ዛሬም ይናፍቀኛል።

በ2009 ዓ.ም. ሆስፒታሉ አዲስ ሕክምና ጀመረ። የአንጎል የደም ሥሮች መድኃኒት የማያስገባ አጥር አላቸው። ሐኪሞቹ በደም ሥር ጥቃቅን አረፋ ይሰጡና፣ ራስ ላይ ከሚደፋ ቆብ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ አንዲት ነጥብ ይልካሉ፤ አረፋው ሲንቀጠቀጥ አጥሩ ለጥቂት ሰዓታት ይከፈትና መድኃኒቱ ይገባል። በቆቡና በራስ መካከል ውሃ አለ። ፀጉር ከቀረ ግን አየር ይዞ ድምፁን ያግዳል። ስለዚህ ደንበኛቸው የነበሩት ሐኪም መንገዱን ተሻግረው መጡ፤ አባታችንም የሕሙማኑን ራስ የሚላጩ ሆኑ።

በዓመቱ እናታችን ታመሙ። አንጎላቸው ውስጥ የበቀለው ዕጢ ቃላት ነጠቃቸው፤ ብርጭቆውም በሩም «ያ ነገር» ሆነ። ተራቸው ሲደርስ አባታችን በገዛ እጃቸው ላጯቸው፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ጥጥ አላሳለፉም። ሕክምናው ሊጀመር ሲል በመሣሪያው ምስል ላይ ጥላ ታየና ሁሉም ነገር ቆመ። ከቀኝ ጆሯቸው ኋላ ጣት የማታክል ዘለላ ፀጉር ቀርታ ነበር። አባታችን ማንም ሳይጠይቃቸው ከኮሪደሩ ወንበር ተነሥተው ገብተው «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እጄ እምቢ አለኝ» አሉ። እናታችን ከተኙበት ወደ ዘለላዋ እየጠቆሙ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ያን ነገር ነው ወይስ እኔን ነው የምትፈልገው?» አሏቸው። እዚያው ላጯት፤ ጥጡም ሳይያዝ አለፈ።

ሕክምናው በወር አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ ተደረገ። ከአራተኛው በኋላ እናታችን በተላጨ ራሳቸው ቁጭ ብለው፣ «ያ ነገር» ሳይሉ፣ «ማበጠሪያዬ የት ገባ?» አሉ። አባታችን ወጥተው መንገድ ዳር ቆመው አለቀሱ። ሐኪሞቹ ዕጢው ጠፋ አላሉንም፤ ማደጉን አቁሟል ነው ያሉን። ለእኛ ግን የስድስት ዓመት እሑዶች ተጨመሩልን።

አባታችን ባደረባቸው የልብ ሕመም ዐሥራ አንድ ቀን ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በ78 ዓመታቸው ዐረፉ። እናታችንን፣ ሦስት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። ዘለላዋ በምላጭ ሣጥናቸው ውስጥ በወረቀት ተጠቅልላ ተገኝታ አሁን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ናት። ዛሬ ጠዋት እናታችን የአባታችንን ፊት በገዛ እጃቸው ላጩላቸው፤ ጥጥም አሳለፉ። ከአገጫቸው ሥር ያዘ። የቀብሩ ሰዓት ደርሷል ብንላቸው አልሰሙንም፤ እንደገና ሳሙና መቱ።

እሳቸው በማንም ራስ ላይ እንዳልቸኮሉ፣ ፈጣሪም በእርጋታ ይቀበላቸው፤ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን።