ዳውድ እና የሙዲራዋ የክፍለ ጊዜ ድልድል

እሑድ፣ ግንቦት 8 ቀን 1996

ልጄ ዳውድ ሰነፍ አይደለም። ይህ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ስናደድ እንዳልረሳው። የኮምፒውተር ፕሮግራም መሥራት ተምሮ፣ በጥሩ ውጤት ተመርቆ፣ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ከዚያ ድርጅቱ ተዘጋ። ይኸው ዘጠኝ ወር።

ዛሬ እንደ ወትሮው። ሁለት ሰዓት ላይ ታጥቦ፣ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማውን አጥልቆ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። የጫማው ሕግ የእኔ ነው። በነጠላ ጫማ ሥራ አይፈለግም። ስም ጠራሁ።

«ዳውድ ይማም!»

«ማውጁድ፣ ኡስታዛ!» በዐረብኛ «አለሁ፣ አስተማሪ» አለኝና ሳቀ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ስም ጠርቼ ጡረታ ወጣሁ። አንድ ተማሪ ብቻ ያለው ክፍል ግን የመጀመሪያዬ ነው። እስከ አራት ሰዓት አዲስ ነገር ይማራል። ቀጥሎ ማመልከቻ ይጽፋል። እሑድና ረቡዕ ማመልከቻውን ይዞ ዐማራት ወደሚባለው ሰፈር ቢሮዎች።

ረቡዕ፣ ግንቦት 18

ሦስት ቢሮ። ሦስቱም «ኢንሻአላህ እንደውልልሃለን»። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ደርቆ ጨው አውጥቷል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 28

ስም ጠራሁ። አልመለሰም።

«ዩማ፣ እናቴ፣ ተይኝ። ኸላስ፣ በቃኝ።»

ኮምፒውተሩን ሊሸጥ ነው... የኢንተርኔት ቤት ያለው ተውፊቅ ሊገዛው ተስማምቷል። በዚያ ላይ ጨማምሮ ራክሻ ሊገዛ፣ ባለ ሦስት ጎማዋን። ከጓደኛው ጋር እየተፈራረቁ ሊነዱ።

«ራክሻ መንዳት ነውር ነው?»

«አይደለም።» እውነቴን ነው። «ኮምፒውተሩ ከሄደ ግን ወደ ሙያህ አትመለስም።»

ሃያ ቀን ስጠኝ አልኩት። ዐሥር አለ። እንደ ገበያ ተከራከርን። ዐሥራ ሁለት። እስከ ሰኔ 10።

በዐሥራ ሁለት ቀን ምን ላደርግ ነው?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 1

ጎረቤቴ ሙሚና መጣች። ዐማራት፣ ሲት ሉጥፊያ በምትባል የትምህርት ቤት ሙዲራ፣ ማለት ርዕሰ መምህርት፣ ቤት ትሠራለች። ዛሬ ምሬት ብቻ።

«ኡስታዛ፣ ሲት ሉጥፊያ የምግብ ጠረጴዛውን ከያዘችው ሳምንቷ! ወረቀት እንደ ሽንኩርት ቆራርጣ ወዲያ ወዲህ ስትገፋ ትውላለች። ትናንት ማራገቢያውን ብከፍተው...»

«ውይ!»

«ሁሉም ብር አለ! ልትበላኝ ነበር። ምሳ ምንጣፍ ላይ ሆኗል እኮ የሚቀርበው።»

ወዲያው ገባኝ። የክፍለ ጊዜ ድልድል ነው። የትኛው አስተማሪ፣ የትኛው ክፍል፣ በስንት ሰዓት። የእኔንም ስንት ዕረፍት በልቶብኛል! ትምህርት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ቢቀረው ነው።

ዳውድ ከክፍሉ ብቅ አለ። «ዩማ፣ ይኼ የኮምፒውተር ሥራ ነው እኮ።»

ዘጠኝ ወር ሙሉ «ሥራ አላችሁ ወይ?» ስንል «ምን አስቸገራችሁ?» ብለን አንድም ቀን አልጠየቅንም። እኔም፣ አስተማሪዋ፣ አላሰብኩትም።

ዓርብ፣ ሰኔ 4

ሙሚና የአስተማሪዎቹን ዝርዝር አስፈቅዳ አመጣች። «ያላ፣ ይሞክር። እኔ ግን ወረቀቴን አላነሳም» ብላለች ሙዲራዋ።

የድልድሉን ሕግ እኔ እናገራለሁ፣ ዳውድ ፕሮግራሙን ይጽፋል። መብራት ሁለቴ ጠፋ።

እሑድ፣ ሰኔ 6

የመጀመሪያው ድልድል ወጣ።

«አንድ ግጭት የለም! ተመልከቺ!»

ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ተቀመጥኩ። እውነት ነው፣ አንድ አስተማሪ ሁለት ክፍል አልገባም። የሒሳብ አስተማሪዋን ግን ስድስት ክፍለ ጊዜ አከታትሎ አስቁሟታል።

«ይህቺ ሴት መቼ ውሃ ትጠጣለች?»

«ኮምፒውተሩ ውሃ አያውቅም፣ ዩማ።»

«አስተምረዋ!»

ዐሥራ አራት ቦታ አሰመርኩ። ስፖርት በቀትር፣ በዚህ ፀሐይ! ተቆጣ። በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሶ ተቀመጠ... ደስ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበረውም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 9

ስም አልጠራሁም። ስነሳ ቀድሞኝ ተቀምጧል፣ ባዶ እግሩን። እንዳላየሁ አለፍኩ።

ስድስተኛው ድልድል ላይ የማሰምርበት አጣሁ። ሁለቴ አየሁት። የለም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 10

ቀኑ ደረሰ። ሙዲራዋ ቤት አብረን ሄድን። ሲት ሉጥፊያ ተቀመጡም አላለችን። መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ረጅም ጊዜ...

«የሳይንስ አስተማሪው ማክሰኞ አይመጣም። ሌላ ቦታ ያስተምራል» አለች በዐረብኛ፣ እንዳሸነፈ ሰው። ዝርዝሩ ላይ አልነበረም።

ዳውድ ግን ፈገግ አለ። ከልጆቿ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠ፣ ዲስኩን ከተተ፣ ማክሰኞን ዘጋ። ሻይዋን ሳትጨርስ አዲሱ ታትሞ ወጣ።

ወረቀቱን አየች። ጠረጴዛውን አየች። ከዚያ ጮኸች፦

«ሙሚና! ይህን ሁሉ ጥረጊልኝ! ምሳ ጠረጴዛ ላይ!»

ሙሚና እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም ተከተልኳት፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በሰው ቤት!

አመሻሹ ላይ ተውፊቅ ኮምፒውተሩን ሊወስድ መጣ። ዳውድ በር ላይ ተቀበለው። «ማሌሽ ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ነው።»

ማክሰኞ፣ ሰኔ 22

ሲት ሉጥፊያ ዳውድን ትምህርት ቤቷ ከቀጠረችው ሳምንት አለፈው። ቤቱ ጠዋት ጠዋት ጭር ይላል። ምን እንደምሠራ ግራ ገብቶኝ መደርደሪያ ሳስተካክል ሙሚና ከዐማራት ወረቀት ይዛ መጣች። የዳውድ ጽሕፈት ነው። እዚሁ በሰው አገር፣ በዐረብኛ ስላደገ አማርኛ ሲጽፍ ላብ ያጠምቀዋል፤ ይህን ግን በአማርኛ ጽፎታል። እንዳለ ገለበጥኩት።

«ዩማ፣ ሁለት ትምህርት ቤት ተጨመረ። አንዱ ጀብራ ነው፣ ለቤታችን ቅርብ። ፕሮግራሙን እኔ እችላለሁ። አስተማሪዎቹን እየጠየቀ ሕጉን የሚያወጣልኝ ሰው ግን የለኝም። ለሙዲራዎቹ ‹ሰው አለኝ› ብያለሁ፣ አንቺን ሳልጠይቅ። ደመወዝ አለው። እሑድ ይጀመራል። እሺ ትያለሽ? ሙሚና መልሱን ሳትይዝ እንዳትመጣ ብያታለሁ። እባክሽ ቶሎ መልሺልኝ።»