ከሐዘን ጺሜ ሥር

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ተላጨሁ። አገጬን ላሠራ ያማከርኩት ሐኪም «በዚህ ጺም ሥር አገጭዎ የት እንዳለ አይታየኝም» ስላለኝ ነው። ከፀጉር ቤቱ ስወጣ ብርዱ አገጬን ቆነጠጠኝ። አገጭ ከተባለ። ከታችኛው ከንፈሬ ቀጥሎ አንገቴ ነው የሚመጣው።

ጎረቤቴ እትዬ አስካለ አየችኝና እልል አለች።
«እሰይ፣ ከሐዘን ወጣህ! ማናት እሷ?»
«ማንም የለች፣ እትዬ።»
«ታዲያ ለእኔ ነው የተላጨኸው?»

እውነቱን እዚህ ልጻፈው። ባለቤቴ አልማዝ ካረፈች ወዲህ ጺሜን አልነካሁትም። መጀመሪያ ሐዘን ነበር። ዓመቷ ሲወጣ ግን መስተዋት አየሁና አገጭ ያለው ሰው መሰልኩ። ተውኩት። «ሚስቱን እንዴት ቢወዳት ነው» ሲሉኝ ምስጋናውን ተቀበልኩ። ወድጃታለሁ። ጺሙ ግን ለሷ አልነበረም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ራጅ ተነሳሁ። ልጄ ሰላም አብራኝ ገባች። ሐኪሙ ሦስት መንገድ አለ አለን። በመርፌ መሙላት፤ ቀላል ነው፣ ግን እየሟሟ ያልቃል። ሲሊኮን አጥንቱ ላይ ማስቀመጥ። ወይም የራሴን አጥንት ቆርጦ ወደ ፊት ማውጣትና በትንንሽ ብሎን ማሰር። የኔ በጣም ወደ ኋላ ስለገባ የመጨረሻው ይሻላል አለ። ከንፈር ሊደነዝዝ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ቃል ግን አልገባም አለኝ። አለመደበቁን ወደድኩለት። የራሴ አጥንት መሆኑንም።

«አባዬ፣ ለኔ እኮ ቆንጆ ነህ» አለች ሰላም ታክሲ ውስጥ።
«ላንቺማ አባትሽ ነኝ።»

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

እንጦጦ ወጣሁ፣ የንስሐ አባቴ ዘንድ። ሁሉንም ነገርኳቸው።
«ያለቀስከው በጺምህ ነው እንዴ?» አሉኝ። «ቀብሯ ላይ አይቼሃለሁ። ያልተገባህን ምስጋና ግን አትውሰድ።»
«አገጬስ አባ? የፈጣሪን ሥራ መንቀፍ አይሆንብኝም?»
«እኔስ ጥርስ አስተክዬ የለ?» ብለው ከፍተው አሳዩኝ።
በባሕር ዛፉ መሃል ስወርድ እግሬ ቀለለኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከቅዳሴ ስንወጣ እትዬ አስካለ ሙሽራ አግኝታልኝ ጠበቀችኝ። ቀበና የምትኖር መበለት።
«ሙሽራ አልፈለግኩም፤ አገጬን ላሠራ ነው» አልኳት። «ጺሙም አገጬን መሸፈኛ ነበር እንጂ ሐዘን አልነበረም።»
ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ። ልጅ ሆኜ በአገጬ ሲሳቅብኝ የሚያስሮጠኝ ዓይነት ሳቅ ነበር። አልሮጥኩም። ቆሜ ጠበቅኳት።
ዓይኗን ጠርጋ ፊቴን ትኩር ብላ አየችው።
«አጥንት ተቆርጦ በምን ልታኝክ ነው?»
«ለጊዜው ፈሳሽ ብቻ ነው።»
«ሾርባው በእኔ። የቀበናዋን እስኪሽርለት ታገሺ እላታለሁ።»

ማታ ሰላምን ቀጠሮ አስይዢልኝ አልኳት። ቢላዋው ያስፈራኛል። የቀበናዋን ነገር አልነገርኳትም። ለእትዬ አስካለ ግን እምቢ አላልኩም።