ያንተንም ልብ ይዩልህ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለሰማኸኝ ባየህ፤ ሞጆ።

ወንድም ጥላዬ፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህ፣ እንቅልፍህ፣ እህል ውሃው እንዴት ነው? የሞጆ አቧራስ ተስማማህ? «እኛ ሁላችን ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ፈርቻለሁ፣ ሰማኸኝ። ለራሴ ከምፈራው ደግሞ ለአንተ የምፈራው ይብሳል። በስልክ ብነግርህ በሳቅ ስለምታቋርጠኝ ጻፍኩልህ።

ክረምቱን ሩዝ ሳርም ትንፋሽ ሲያጥረኝ፣ ደረቴን ሲወጋኝ መክረሙን ሰምተሃል። እማ «ብርድ ነው፣ ፍል ውሃ ያወጣዋል» ብላ ራሷ ይዛኝ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወረደች። ከውሃው ብድግ ስል ዓይኔ ጨለመ፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን አላውቅም። እማ ብብቴን ይዛ እየጎተተች ኡኡ ስትል፣ አብረውን የሚታጠቡት ሴቶች በሽታው ለቀቃት ብለው እልል ይሉ ነበር አሉ።

ባሕር ዳር ሄጄ የልብ አልትራሳውንድ ተነሣሁ። ደረቴን ቀዝቃዛ ነገር ቀብተው መሣሪያውን ሲያሳርፉበት፣ ልቤ ስክሪኑ ላይ ሲዘል አየሁት። ሐኪሙ ዶክተር ይርጋለም የልቤ ግድግዳ ወፍሯል አሉ። ደም የመርጨት አቅሙ ግን በቁጥር ሲለካ ጥሩ ነው ሲሉ፣ እማ «ቁሐር ሚካኤል ደረሰልኝ» ብላ ወለሉን ሳመች። እኔም ጫማዬን ፍለጋ ተነሣሁ።

ዶክተሩ ግን መልሰው አስተኙኝ። ቅል ግድግዳው ሲወፍር የሚይዘው ውሃ ያንሳል፤ ያችን ትንሽ ውሃ አሟጦ ስላፈሰሰ ብርቱ ነው አይባልም አሉን። በወፈረ ልብም ጥሩው ቁጥር ሊያታልል ስለሚችል፣ ግድግዳው ራሱ በየምቱ ምን ያህል እንደሚኮማተር ለብቻው ለኩት። በወፈረው በኩል ደክሟል። እማ እጄን እንደያዘች ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። መድኃኒት ጀምሬያለሁ፤ ከባድ ሥራም ፍል ውሃም ተከልክያለሁ። አሁን የልቤን ምት ሳዳምጥ ነው የምውለው። ሲፈጥን እፈራለሁ፣ ሲዘገይም እፈራለሁ።

ከዚያ ከቤተሰብ በድንገት የሞተ አለ ወይ ብለው ጠየቁን። አባባ አንተ አሁን ባለህበት ዕድሜ ሳሉ ሩዝ ማሳው ውስጥ ዘፍ ብለው መቅረታቸውን፣ ሰዉም የውሃ ጋኔን መታቸው ማለቱን ነገርናቸው። ይህ ሕመም በዘር እንደሚወርድ፣ ወንድምና እህት ምንም ሳያማቸው መታየት እንዳለባቸው ነገሩን። ወንድምሽ ምን ይሠራል ሲሉኝ፣ ጆንያ ተሸካሚ ነው ብሎ መመለስ ጭንቅ ሆነብኝ።

አንተ እንደሆንክ ሐኪም ቤት ከምትገባ ከወይፈን ጋር ብትተናነቅ ይቀልሃል። ጉልበተኛ ነኝ አትበለኝ፤ የኔም ቁጥር ጉልበተኛ ነበር። ያን ሰሞን «ስሸከም ዞረብኝ፣ ቁርስ ሳልበላ ነው» ብለህ የሳቅኸው ከጆሮዬ አልወጣም። እባክህ፣ እግርህ ላይ ወድቄ ልለምንህ፣ ጆንያውን አውርድና ሐኪም ቤት ግባ። አባቴ በድንገት ሞቷል፣ እህቴ ልቧ ወፍሯል በላቸው፤ በአልትራሳውንድ ይዩህ።

ባለቤቴ አያልነህ በርታ ይልሃል። ልጄ ትንሳኤ ጉልበትህን ትስማለች፤ እሷም ልትታይ ተራ ይዘንላታል። ጎረቤታችን እትዬ ሸዋዓለም በጸሎት እያሰብኩት ነው ብለዋል። እማ ግን፣ በየበዓሉ ልጄ መቼ ይመጣል እያለች መንገድ መንገድ የምታየዋ እማ፣ ዘንድሮ የላከችብህ ቃል ይህ ነው፦ «ልቡን ሳይታይ ደጄን እንዳይረግጥ በይው።»

እህትህ ምኞት ባየህ

ወረታ፣ መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.