ለሸጥኩት ላውንደሪ ዛሬም ባለቤት አድርገው ላቆዩኝ የግብር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

አይ ጌታዬ፣ ሰልችቶኝ አይደለም የሸጥኩት። ማንም አልጠየቀኝም፣ አውቃለሁ፤ ግን ሰው ሁሉ በዓይኑ የሚጠይቀኝ እሱን ስለሆነ ከሱ ልጀምር ብዬ ነው። ጉልበቴ ነው ያሸጠኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ የሰው ሸሚዝ ስተኩስ ኖሬ፣ አንድ ቀን ጉልበቴ ከዚህ በኋላ የለሁበትም አለኝ፤ እኔም እሺ አልኩት።

ይቅርታ፣ ሰላምታ ሳላቀርብ ገባሁበት። የተከበሩ ኃላፊያችን፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎስ ደህና ነው? ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋል ምን ያህል እንደሚያደክም እርስዎ ጋ ኮሪደር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር በላይ ያስተማረኝ የለም። ቤተሰብ፣ ልጆች፣ ማኅተሙ፣ ሁሉም ደህና? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና አይደለሽም የሚለኝ ሰው ስለሌለ ደህና ነኝ።

ይሄን ደብዳቤ በአደባባይ ያወጣሁት ንቄዎት አይደለም። ሁለት ጊዜ በፖስታ አሽጌ አስገብቼ ነበር፣ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ያልታሸገ ቶሎ ይነበባል ብዬ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ ይለፉኝ፤ ትምህርቴ ስሜን ጽፎ ደረሰኝ ከመቁረጥ ብዙም አያልፍም።

አንደኛ፣ ምስጋና። ላውንደሪዬን ለጎረምሳው ገዢ አስረክቤ ከወጣሁ በኋላ ገበያዬ እንደደራ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ዘንድሮ የመጣብኝ ግብር ካምናው እጥፍ ነው። ጎረምሳው አዲስ ማሽን አስገብቷል፣ ቤቱን መብራት በመብራት አድርጎታል፣ ወረፋው መንገድ ላይ ወጥቷል፤ ትርፉ የሱ፣ ግብሩ የኔ። እቤቴ ቁጭ ብዬ እንዲህ ጎበዝ ነጋዴ እንደምሆን አስቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ፣ ድሮ ነበር ከሱቁ የምወጣላት።

ሁለተኛ፣ ንግድ ፈቃዱ። በመስታወት አስገብቼ ከካውያው በላይ ግድግዳው ላይ ሰቅዬው ነበር። ሱቁን ሳስረክብ ቁልፉን ሰጠሁ፣ መስቀያዎቹን ሰጠሁ፣ ፈቃዱን ግን ለማውረድ እጄ አልሄደም። ቤት የሸጠ ሰው በሩን ነቅሎ አይሄድም አይደል? እንደዛ መስሎኝ ነው። ለካ አውርጄ ለእናንተ መመለስ ነበረብኝ። በኋላ ሄጄ፣ "ልጄ፣ ወረቀቴን መልስልኝ" ስለው፣ "እማማ፣ እሱን ካወረድኩት በምን ልሥራ? የራሴ እስኪወጣልኝ ትንሽ ይታገሱኝ" አለኝ። የራሱ ደግሞ አይወጣለትም። ለምን ቢሉ፣ አንድ ቤት ሁለት ፈቃድ አይይዝም ብላችሁታል፤ እዛ ቤት ውስጥ እኔ እየሠራሁ ነዋ!

መስኮቱ ላይ የምትቀመጠው ልጅ፣ እግዜር ይስጣት፣ ሰው ታከብራለች። "እማማ፣ ሲስተሙ እርስዎን የሚያውቅዎት ሥራ ላይ ነው" አለችኝ። "እስቲ ሲስተሙ ይምጣና ጉልበቴን ይየው" አልኳት። የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ሰው ከሳቀማ ነገሬ አለቀ ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሳቁም ጉዳዬም እዛው ቀሩ። እውነቱን ልንገርዎ፣ በዚያ ሳምንት ከሰው ጋር የሳቅኩት እሱን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ሱቁን የሸጥኩበትን ገንዘብ ባንክ ውስጥ ስላገዳችሁልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎት፤ ባባክነውስ? ግብሩን ከሱ ላይ ከፍዬ ልገላገል ብዬ ባንክ ብሄድ፣ ግብር ቢሮ ካልለቀቀው አንሰጥም አሉኝ። እናንተ ጋ ብመጣ፣ መጀመሪያ ይክፈሉና እንለቃለን አላችሁኝ። ሐኪሙ ተንቀሳቀሺ ብሎኝ ስለነበር በዚህ በኩል አስባችሁልኛል።

ገንዘቡ ለምን እንደነበር ያውቃሉ? አያውቁም፣ ፎርማችሁ አይጠይቅም። ታላቅ እህቴ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። እሷም ባሏ ሞቶባታል፣ እኔም። አንድ ላይ ቤት ይዘን እርጅናችንን እየተነታረክን ልንገፋው ተስማምተን ነበር። የምትኖረው በምትቆራረጥ ጡረታ ነው፤ ባዶ እጄን ሄጄ ጉሮሮዋን ልሻማት እንዴ? አልጋ ሁሉ አንጥፋልኛለች። መጀመሪያ ስትደውል፣ "አንቺ ቀርፋፋ፣ ድመቷ አልጋሽን ወርሳዋለች፤ ከእንግዲህ ከሷ ጋር ተስማሚ" ትለኝ ነበር። ቆይቶ "መቼ ነው?" ብቻ ሆነ። በቀደም ደውላ እሱንም ተወችው። ስለ ዝናቡ አውርታኝ ዘጋችው። ጌታዬ፣ እህቴ ስለ ዝናብ የምታወራ ሰው አይደለችም።

ይሄኛው ሦስተኛ ነበር አራተኛ? ተምታታብኝ። የሚቀጥለው ክስም አይደል፣ ወሬ ነው። ላውንደሪው እያለ ቀኑን ሙሉ ሰው ነበረኝ። ለሥራ ፈተና የሚቀርበው ሸሚዙን ይዞ ይመጣል፣ ሙሽራው ሱፉን፣ ለቅሶ የሚሄደው ጥቁሩን። ተኩሼ እስክጨርስ ቆመው የሆዳቸውን ያወሩኛል። አሁን አንሶላዬን ተኩሼ፣ መጋረጃውን ተኩሼ፣ የእጅ ፎጣውን ተኩሼ፣ እቤቱ ውስጥ ሳይተኮስ የቀረው ፊቴ ብቻ ነው። ልጄ ስልክ ሲያነሳ "እማዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ" ይላል። የልጅ ልጆቼ በስልኩ እጃቸውን አወዛውዘውልኝ ይሮጣሉ። ሳያሰልስ የሚጽፍልኝ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። "ለክብርት" ብሎ ጀምሮ "እርምጃ እንወስዳለን" ብሎ ቢጨርስም፣ ጽፎልኛል።

እንግዲህ የምለምንዎት፣ አንድ ሰው ይላኩና ያንን ሱቅ በዓይኑ ይየው። ካውያው አጠገብ ቆሜ ካገኘኝ ግብሩን ከነቅጣቱ ልክፈል። ካጣኝ ግን፣ በእናትዎ፣ ያሰናብቱኝ። ከዚህ ዓለም ሳልሰናበት ከሥራዬ ያሰናብቱኝ፤ እህቴ ዘንድ ልሂድበት።

ትዕግሥታችን እንደ ኮሪደርዎ ይርዘምልን እያልኩ፣ ባልሠራሁበት ያተረፍኩ፣ ባላተረፍኩት የተቀጣሁ፣ በእርስዎ መዝገብ ገበያዋ የደራ ነጋዴ፣ በቤቴ አሮጊት፣ ሁልጊዜም አክባሪዎ፣

የላውንደሪዋ እማማ

ሳልረሳው፦ በራችሁ ላይ "ተገልጋይ ክቡር ነው" የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ጨማድዶ "ክቡር" የምትለዋ አትነበብም። አውርደው ቢልኩልኝ በነፃ እተኩስልዎታለሁ፤ ከከፈላችሁኝማ በላዩ ሌላ ግብር…

በር እየተንኳኳ ነው። የናንተው ወረቀት አመላላሽ ነው፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። "የላውንደሪው ባለቤት አሉ?" ይላል። ሰው ሁሉ፣ "የለችም፣ ሸጣ ሄዳለች በይው፤ ከፈረምሽለት ባለቤትነትሽን አመንሽ ማለት ነው" ብሎ መክሮኛል። እውነትም የለችም ካልኩት ወረቀቱን ይዞ ይመለሳል። ይመለሳል እኮ፣ ጌታዬ። እኔ ደግሞ ከነጋ ሰው አላየሁም።

አለች! አለሁ፣ ልጄ፣ እንዳትሄድ!